ሥጋን ሳይቀዱ ውስጡን ስለ ማየት



በሲቲ ስካን የተመረመረ ሰው ከሐኪም ቤት ሲወጣ የሚሰጠው ጥቁርና ነጭ የአንጎል ወይም የሳንባ ሥዕል፥ ብዙዎቻችን እንደሚመስለን በመሣሪያ ዓይን ታይቶ እንደ ፎቶግራፍ የተነሣ አይደለም፤ ከብዙ ሺህ ልኬቶች በሒሳብ ተሰልቶ የተገኘ ነው እንጂ። የባሕረ ሐሳብ መምህር ቀና ብሎ ሰማይን ሳያይ፥ ዓመተ ዓለሙን በዐሥራ ዘጠኝ ገድፎ ወንበሩን ካወጣ በኋላ፥ ከአበቅቴውና ከመጥቅዑ ተነሥቶ የጨረቃዋን ሌሊትና የፋሲካን ዕለት እንደሚናገር፥ ኮምፒውተሩም ያላየውን የራስ ቅል ውስጥ ከአኃዝ ተነሥቶ ይናገራል። መምህሩን «ከየትኛው ቁጥር ተነሥተው ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር እንዳልሆነ ሁሉ፥ ኮምፒውተሩንም የቱን ለክተህ የቱን ገምተህ ነው ብሎ መጠየቅ የተገባ ነው፤ የዛሬው ንግግሬም ከዚህ ጥያቄ የራቀ አይሆንም። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሥዕልን ከቁጥር ጋር ያዋሐደው ሥራ የተጀመረው በሕክምና ቤት አይደለም። በ1957 በአሜሪካ ብሔራዊ የመለኪያ ደረጃዎች ቢሮ ይሠራ የነበረው ራስል ኪርሽ፥ ገና የሦስት ወር ሕፃን የነበረውን የልጁን የዋልደንን ፎቶግራፍ በሚሽከረከር በርሜል ላይ አድርጎ፥ ብርሃን እየላከበት፥ በወርድም በቁመትም በ176 ነጥቦች ከፋፈለውና ሲያክ በሚባለው ኮምፒውተር ውስጥ አስገባው። ነጥቦቹ በጠቅላላው 30,976 ነበሩ፤ እያንዳንዱም ነጥብ ጥቁር ወይም ነጭ ከመሆን በቀር ሌላ ኅብር ስላልነበረው፥ ኪርሽ ያንኑ ፎቶግራፍ የብርሃኑን ወሰን እየለዋወጠ ደጋግሞ በማስነበብና ንባቦቹን በአንድነት በማስተባበር ግራጫውን አገኘ። ነጥቦቹን አራት ማዕዘን ማድረጉን በስተርጅናው እንደ ትልቅ ስንፍና ቆጥሮ፥ ዓለም ሁሉ በዚያ ምክንያት ሲቸገር ኖሯል እያለ ይናገር ነበር፤ እኔ ግን ጸጸቱ ከጥፋቱ በዝቷል እላለሁ።

ሥዕል አንድ ጊዜ የቁጥር ሠንጠረዥ ከሆነ በኋላ፥ ቁጥር የሚደረገውን ሁሉ ይደረጋል። አንዱን ነጥብ ከጎረቤቶቹ ጋር ደምረው በአማካያቸው ቢተኩት በሥዕሉ ላይ የተበተነው ብናኝ ይጠፋል፤ ከጎረቤቱ ቢቀንሱት የአካሉ ጠርዝ ጎልቶ ይወጣል። በጁላይ 1964 ሬንጀር 7 የተባለችው መንኰራኵር ወደ ጨረቃ ወድቃ ከመሰበሯ በፊት የላከቻቸውን ከ4,000 የሚበልጡ ሥዕሎች በዚህ ዓይነት ያጠሩት የካሊፎርኒያው የጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ባለሙያዎች፥ ብዙም ሳይቆዩ ያንኑ ዘዴ በራጅ ሥዕል ላይ ሞከሩት። ነገር ግን ብናኙን ያጠፋው አማካይ፥ በሳንባ ላይ ገና የበቀለችውን ትንሽ ዕጢም አብሮ ሊያጠፋት ይችላልና፥ ሥዕልን የሚያጠራ ሰው ምን እንደጣለ ሊጠየቅ ይገባዋል።

የሕክምናው ሥዕል ግን ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ የራሱ ታሪክ ነበረው። ዊልሄልም ሮንትገን በኖቬምበር 1895 በጀርመን አገር በቩርዝቡርግ ከተማ ስሙ ያልታወቀውን ጨረር ካገኘና፥ በቀጠለውም ወር የሚስቱን የእጅ አጥንት ከነቀለበቷ ካሳየ ወዲህ፥ ሐኪሞች ሥጋን ሳይቀዱ አጥንትን ለማየት ቻሉ፤ ያዩት ግን አካሉን ሳይሆን ጥላውን ነበር። ጨረሩ በደረት ገብቶ በጀርባ እስኪወጣ ድረስ በመንገዱ ያገኘው ሁሉ፥ ጡንቻውም፥ የጎድን አጥንቱም፥ ሳንባውም፥ ልቡም፥ እያንዳንዱ የድርሻውን ከኃይሉ ይቀንስበታል፤ በፊልሙ ላይ የሚጻፈው ግን የቅናሹ ድምር ብቻ ነው እንጂ ማን ምን ያህል እንደቀነሰ አይጻፍም። በተለይም አንጎል፥ ለስላሳ ሆኖ ሳለ በወፍራም አጥንት የታጠረ በመሆኑ፥ በተራ ራጅ ፈጽሞ አይታይም ነበር። ስለዚህ ከ1919 ጀምሮ ለሃምሳ ዓመታት ያህል፥ ሐኪሞች የአከርካሪውን ፈሳሽ ቀድተው በምትኩ አየር በማስገባት፥ አየሩ ወደ አንጎል ክፍሎች ወጥቶ ቅርጻቸውን እንዲያሳይ ያደርጉ ነበር፤ ሕመምተኛውም በዚያ ምርመራ ምክንያት ለቀናት በብርቱ የራስ ምታትና በማስታወክ ይሠቃይ ነበር።

ከድምሩ ተነሥቶ ወደ ተደማሪዎቹ መመለስ ይቻላልን? ጥቂት ታግሣችሁ አብራችሁኝ ብትሄዱ ምሥጢሩ በአራት ቁጥሮች ሊገለጥ ይችላል። በአራት ክፍሎች የተከፈለ ሳጥን እናስብ፤ ሁለቱ ክፍሎች ከላይ፥ ሁለቱ ከታች ናቸው፤ ከላይ ከግራ ወደ ቀኝ 1 እና 4፥ ከታችም 6 እና 3 ተቀምጠዋል፤ እኛ ግን ሳጥኑን ከፍተን እንድናይ አልተፈቀደልንም። ጨረር ከጎን ብንልክ የላይኛው ረድፍ ድምር 5፥ የታችኛው 9 መሆኑን እናውቃለን፤ ከላይ ወደ ታች ብንልክ የግራው ዓምድ 7፥ የቀኙም 7 ይሆንልናል። አራት ያልታወቁ ቁጥሮች፥ አራት ድምሮች፤ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ሆኖም ከላይ 2 እና 3፥ ከታች 5 እና 4 ያሉበት ሌላ ሳጥንም ያንኑ 5፥ ያንኑ 9፥ ያንኑም 7 እና 7 ይሰጣልና፥ ከሁለቱ የትኛው በፊታችን እንዳለ በእነዚህ ድምሮች ብቻ ምንጊዜም ልንለይ አንችልም፤ ትጋትም ሆነ የላቀ ኮምፒውተር አያድነንም፥ የጎደለው ልኬት ነውና። አሁን ግን አንድ ጨረር ከላይኛው ግራ ወደ ታችኛው ቀኝ በሰያፍ ብንሰድ፥ ድምሩ 4 ከሆነ የመጀመሪያው ሳጥን ነው፥ 6 ከሆነ ሁለተኛው። አንዲት አዲስ አቅጣጫ ጥርጣሬውን ሁሉ ቈረጠችው። የሲቲ ስካን ቀለበት በተኛው ሰው ዙሪያ የሚሽከረከረውም ስለዚህ ነው፤ አቅጣጫ ለመጨመር።

አቅጣጫዎቹ ሁሉ ከተሟሉ ውስጡን በእርግጥ ማወቅ እንደሚቻል ኦስትሪያዊው የሒሳብ ሊቅ ዮሐን ራዶን በ1917 በጽሑፍ አጽንቶት ነበር፤ ጽሑፉ ግን ለሒሳብ ሰዎች በሒሳብ ቋንቋ የተጻፈ ስለ ነበር፥ በሕክምናው መንደር የሰማው አልተገኘም። አለን ኮርማክም አልሰማም። ኮርማክ በደቡብ አፍሪቃ በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር ሳለ፥ ግሮት ስኩር በሚባለው ሆስፒታል የነበረው የፊዚክስ ባለሙያ ሥራውን ለቀቀ፤ የአገሩም ሕግ ጨረር አፍላቂ የሆኑ ነገሮች ያለ ፊዚክስ ባለሙያ ተቆጣጣሪነት በሆስፒታል እንዳይሠራባቸው ይከለክል ስለ ነበር፥ ኮርማክ በ1956 እኩሌታ ዓመት ያህል በየሳምንቱ አንድ ቀን ተኩል እዚያ እንዲውል ተለመነ። በዚያ ሲውል ያየው ነገር አእምሮውን አላስተኛው አለ። ካንሰርን በጨረር ለማከም መጠኑን የሚቀምሩት ባለሙያዎች፥ ሳንባውንም አጥንቱንም ጡንቻውንም እንደ አንድ ወጥ ሥጋ ቆጥረው በሠንጠረዥ ያሰሉ ነበር፤ እርሱ ግን ጨረሩ በየአካሉ ምን ያህል እንደሚቀነስ አስቀድሞ ካልታወቀ መጠኑ እንዴት እውነተኛ ሊሆን ይችላል ብሎ ጠየቀ፥ ጥያቄውም ከላይ ወዳየነው ሳጥን አደረሰው።

መፍትሔውን በወረቀት ካገኘ በኋላ በ1957 ሙከራ አደረገ፤ ሙከራውም እጅግ ተራ ነበር። በመካከሉ ክብ አሉሚኒየም፥ በዙሪያው እንጨት ያለበትን ነገር አሠርቶ፥ የኮባልትን ጨረር እያሳለፈበት ለካ፤ ከልኬቱም የውስጡን አኃዝ አሰላ። እንጨቱ እንጨት፥ አሉሚኒየሙም አሉሚኒየም ሆኖ ወጣ፤ ነገር ግን ከመካከሉ አጠገብ የነበሩት ሦስት ነጥቦች ከሌሎቹ ጋር አልተስማሙም። ሌላ ሰው ቢሆን የልኬት ግድፈት ነው ብሎ ባለፈ ነበር፤ ኮርማክ ግን ክቡን ወደ ሠራው ሠራተኛ ሄዶ ቢጠይቅ፥ በአሉሚኒየሙ መካከል ጨረርን በጥቂቱ አነስ አድርጎ የሚቀንስ ሌላ አሉሚኒየም እንደ ሹል ሆኖ መግባቱ ታወቀ። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ አስበልጬ የምወደው ይህን ነው፤ ዓይን ያላየውንና ባለቤቱም ያላወቀውን ነገር ሒሳቡ ቀድሞ ተናገረ።

ኮርማክ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ በተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምር፥ በ1963 እና በ1964 ሁለት ጽሑፎችን አሳተመ፤ የሰማው ግን የለም ማለት ይቻላል። ቅጂ ላክልን ብለው ከጻፉለት ጥቂቶች መካከል እርሱን ይበልጥ ያስገረመው በስዊስ አገር ስለ በረዶ ናዳ የሚመራመር ተቋም ነበር፤ በተራራ ላይ የተከመረውን በረዶ ውስጡን ለማወቅ ፈልገው ይሆናል፤ ለዚያ ደግሞ ጨረሩን ወይም መለኪያውን ከበረዶው በታች በተራራው ውስጥ ማስገባት ያስፈልግ ነበር። ራዶን ከአርባ ዓመታት በፊት ሥራውን እንደ ጨረሰለት ኮርማክ ያወቀውም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው። በአንድ አገር የሒሳብ ሊቅ፥ በሌላው የፊዚክስ መምህር፥ በሦስተኛውም የሬዲዮ ሞገድ ከፀሐይ የሚቀበለው ሮናልድ ብሬስዌል፥ ሦስቱም አንዱን መንገድ በየራሳቸው ጠረጉ።

መሣሪያውን የሠራው ሰው ከሦስቱም የተለየ ነበር። ጎድፍሪ ሐውንስፊልድ በእንግሊዝ አገር በገጠር ያደገ፥ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በአየር ኃይል ራዳርን የተማረና ያስተማረ፥ ከዚያም በኢ.ኤም.አይ. ኩባንያ ተቀጥሮ ኢሚዴክ 1100 የተባለውን ኮምፒውተር የሠሩትን ባልደረቦች የመራ መሐንዲስ ነው። ኩባንያው የቢትልስን ሸክላ ያሳትም ስለ ነበር ሲቲ ስካን በዘፈን ገንዘብ ተሠራ የሚል ወሬ እስከ ዛሬ ይነገራል፤ ወሬው ለጆሮ ይጣፍጣል፥ ከወጪው ብዙውን የተሸከመው ግን የብሪታንያ መንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት መሆኑ መረሳት የለበትም። ሐውንስፊልድ በ1967 ሐሳቡ ከመጣለት በኋላ የመጀመሪያውን መሣሪያ ያቆመው በቶርኖ ማሽን መደብ ላይ ነበር፤ የተጠቀመበት የጋማ ጨረር እጅግ ደካማ ስለ ነበር አንዱን ነገር ለክቶ ለመጨረስ ዘጠኝ ቀን ፈጀበት፤ 28,000 ያህሉን ልኬትም ትልቅ ኮምፒውተር በሁለት ሰዓት ተኩል አሰላለት። ጨረሩን በራጅ ቱቦ ሲለውጠው ዘጠኙ ቀን ወደ ዘጠኝ ሰዓት ወረደ። ከዚያም ከቄራ የከብት አንጎል እያመጣ ይሞክር ጀመር።

በኦክቶበር 1 ቀን 1971 በለንደን በዊምብልደን ባለው በአትኪንሰን ሞርሊ ሆስፒታል፥ ሐውንስፊልድ ከሐኪሙ ከጄምስ አምብሮዝ ጋር ሆኖ፥ በግንባሯ በኩል ባለው የአንጎል ክፍል ዕጢ አለባት ተብላ የተጠረጠረችን አንዲት ሴት መረመረ። መሣሪያው በራሷ ዙሪያ በአንድ በአንድ ዲግሪ እየዞረ በ180 አቅጣጫዎች፥ በየአቅጣጫውም 160 ጊዜ ለካ፤ ይህም 28,800 ልኬት ነው። ሊገኙ የተፈለጉት ያልታወቁ ቁጥሮች በወርድ 80፥ በቁመት 80፥ በጠቅላላው 6,400 ነበሩ። ልብ በሉ፤ በሳጥናችን ምሳሌ የልኬት ጉድለት ነበረብን፥ እዚህ ግን ልኬቱ ካልታወቁት አራት እጥፍ በልጦ ተትረፍርፏል፤ ሐኪሞቹ ሥዕሉን ባዩ ጊዜ ክብ የሆነው ጥቁር ዕጢ በስፍራው ተገለጠላቸው፥ ቀዶ ሐኪሙም ሲከፍተው ልክ እንደ ሥዕሉ ሆኖ አገኘው። በ1979 ኮርማክና ሐውንስፊልድ የሕክምናን የኖቤል ሽልማት ተካፈሉ፤ ከሁለቱ አንዳቸውም የዶክትሬት ማዕረግ አልነበራቸውም፤ ሁለቱም ሐኪሞች አልነበሩም።

በሐውንስፊልድ ስም በሚጠራው መለኪያ ውኃ ዜሮ፥ አየር ከዜሮ በታች 1,000 ነው፤ ግራጫውና ነጩ የአንጎል ሥጋ የሚለያዩት በጥቂት ነጥቦች ብቻ ነው። የሰው ዓይን ይህን ያህል ስፋት ያለውን ኅብር በአንድ ጊዜ ሊለይ ስለማይችል፥ ሐኪሙ ከሺዎቹ መካከል ጠባብ ክፍል መርጦ ያንን ብቻ ከጥቁር እስከ ነጭ ያስዘረጋል፤ አንዱ ልኬት ለሳንባ አንድ ሥዕል፥ ለአጥንት ሌላ ሥዕል ይሆናል። ከዚህ በኋላ ስለ መጣው ስለ ኤም አር አይ ብዙ አልናገርም፤ ፖል ላውተርበር በ1973 የመጀመሪያውን ሥዕል ባሳተመበት በዚህ ጥበብ ራጅ የለም፥ ማግኔትና የሬዲዮ ሞገድ ናቸው፤ ሥዕሉ የሚሰላ መሆኑ ግን ያው ነው።

አሁን ወደ ዘመናችን ልምጣ። ልኬት ዋጋ አለው፤ በራጅ ሲሆን ዋጋው ሰውነት የሚቀበለው ጨረር ነው፥ በኤም አር አይ ሲሆን በጠባብ ቱቦ ውስጥ ሳይነቃነቁ የሚቆዩበት ጊዜ ነው፤ ሕፃን ልጅ ወይም በሕመም የሚሠቃይ ሰው ያንን ሁሉ ጊዜ ሊታገሥ አይችልም። ስለዚህ ሊቃውንቱ ጥቂት ለክተን ቀሪውን ልናገኝ አንችልምን ብለው ጠየቁ። ከሳጥናችን አንጻር ስንመለከተው ሰያፉን ጨረር ሳይሰዱ ከሁለቱ ሳጥኖች አንዱን መምረጥ ማለት ነው። ይህም የሚሆነው አስቀድሞ ብዙ ሳጥኖች የታዩ እንደሆነ ነው፤ ካየናቸው ሳጥኖች አብዛኞቹ እንደ መጀመሪያው ከሆኑ፥ ይህም እንደዚያው ይሆናል ብለን እንገምታለን። ከብዙ ሺህ ምሳሌዎች እንዲማር የተደረገው ኮምፒውተር የሚሠራው ይህንኑ ነው። ግምቱ ብዙ ጊዜ የሚያስደንቅ ነው፤ ሥራው የጎደለ ልኬትን መሙላት ባይሆንም፥ በ2015 በጀርመን አገር በፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ኦላፍ ሮነበርገርና ባልደረቦቹ ዩኔት ብለው የሰየሙት ዘዴ፥ በማይክሮስኮፕ የታየውን የሥጋ ክፍል ድንበር ለመለየት ከ30 ሥዕሎች ብቻ ተምሮ ከቀደሙት መብለጡን ላየ ሰው፥ ነገሩ የተአምር ያህል ነው።

ነገር ግን የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲና ፌስቡክ በ2020 ባዘጋጁት ውድድር፥ ተወዳዳሪዎች ከኤም አር አይ ልኬት አራተኛውን ወይም ስምንተኛውን እጅ ብቻ ተቀብለው የአንጎልን ሥዕል እንዲያወጡ በተደረገ ጊዜ፥ ሥዕሎቹ አምረውና ጠርተው ሲወጡ በአንዳንዶቹ ላይ በሕመምተኛው አንጎል ውስጥ የሌለ ነገር ተስሎ ሐኪሞቹ አገኙ። የቀድሞው መሣሪያ ልኬት ሲጐድልበት ሥዕሉ ይደበዝዝ ወይም ይሰነጣጠቅ ነበርና ሐኪሙ ጉድለቱን በዓይኑ ያውቅ ነበር፤ የተማረው መሣሪያ ግን ጉድለቱን በልማድ ስለሚሞላው፥ የተለካውና የተገመተው በአንድ ኅብር አምረው ይቀርባሉ። እኔን የሚያስፈራኝ የተበላሸ ሥዕል አይደለም፤ ይህ ውበት ነው።

ልማድ ከሕመሙ ውጭ ካለ ነገርም ይማራል። በ2018 የታተመ አንድ ምርምር ከሦስት የአሜሪካ ተቋማት የተሰበሰቡ ከ158,000 የሚበልጡ የደረት ራጆችን መርምሮ እንዳሳየው፥ የሳንባ ምችን እንዲለይ የሠለጠነው ኮምፒውተር በሠለጠነበት ሆስፒታል ጥሩ ሆኖ ወደ ሌላው ሲሄድ ብዙ ጊዜ ደከመ። ምክንያቱ ቢፈለግ፥ ኮምፒውተር አንዱን ራጅ አይቶ ከየትኛው ሆስፒታል እንደመጣ ሳይሳሳት ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ መለየት ይችል ነበር፤ በአንደኛው ሆስፒታል ከመቶው ራጅ 34 ያህሉ፥ በሌላው ግን ከመቶው አንድ ያህሉ ብቻ ምች ስለነበረባቸው፥ ሳንባውን ከመመርመር ይልቅ የሆስፒታሉን ምልክት ማንበብ ለማሽኑ ይቀልለው ነበር። በዚህ ማሽኑ አልዋሸም፤ የተጠየቀውን በአጭሩ መንገድ መለሰ።

ይህ ነገር ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ፥ ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች ለሳንባ ነቀርሳ ልየታ በራጅ ሲመረመሩ በሐኪም ፈንታ ኮምፒውተር ሥዕሉን ሊያነብ እንደሚችል ፈቅዷል፤ አገራችንም ድርጅቱ የነቀርሳ ሸክም የበዛባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 አገሮች አንዷ ስለሆነች፥ የራጅ ሐኪም በማይገኝበት ወረዳ ይህ ትልቅ ረድኤት መሆኑን ማንም አይክድም፤ እኔም ከሚደግፉት ወገን ነኝ። ማሽኑ ግን ይህ ሰው ታሟል ወይም አልታመመም አይልም፤ የጥርጣሬን ልክ የሚያመለክት አንድ ቁጥር ይሰጣል እንጂ። ቁጥሩ ከዚህ በላይ የሆነበት ሁሉ ለአክታ ምርመራ ይሂድ የሚባልበትን ወሰን የሚቆርጠው ሰው ነው። ወሰኑ ዝቅ ቢል ብዙ ጤነኞች ወደ ምርመራው ይላኩና ውድ የሆነው የመመርመሪያ ዕቃ ያልቃል፤ ከፍ ቢል ሕመምተኛው እያሳለ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ቀድሞ ነቀርሳ ታሞ የዳነ ሰው በሳንባው ላይ የቀረው ጠባሳ ማሽኑን ስለሚያሳስተውና የእንዲህ ያሉ ሰዎች ብዛት በየስፍራው ስለሚለያይ፥ ለአንድ ወህኒ ቤት የሚስማማው ወሰን ለአንድ የገጠር ቀበሌ አይስማማም። ስለዚህ ድርጅቱ ራሱ ወሰኑ በየስፍራው እንዲፈተን ይመክራል፤ ይህም ማለት በዚያው ስፍራ ከሚኖሩት ሰዎች ራጁንም አክታውንም ጎን ለጎን መርምሮ፥ ማሽኑ ከሰጠው ቁጥር ጋር አንድ በአንድ ማመሳከር ነው። ሥራው አሰልቺ ነው፥ የሚጠይቀውም ጥቂት የስታትስቲክስ ዕውቀት፥ የታመነ መዝገብ ያዥና ከላቦራቶሪው ጋር መስማማት ነው፤ በዚህ አዳራሽ ካሉት የሒሳብና የኮምፒውተር ተማሪዎች አንዳንዶቹ ዛሬውኑ ሊጀምሩት ይችላሉ።